ይህ ዛጎል ከእኔ ይበልጣል? 63 መስመር ቆጥረንበታል

ወልደ ሐይቅ (ሐዋሳ) · ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 2፡40

ሰላም ለሁላችሁ። በፍቅር ሐይቅ በኩል ትንሽ የጌጣጌጥ ሱቅ አለችኝ። ዶቃ፣ የቀንድ ማንኪያና የቀርከሃ ዕቃ እሸጣለሁ። ባለፈው ወር የእህቴ ልጅ ከኖርዌይ ለዕረፍት መጥቶ «አጎቴ፣ ይህ ለሱቅህ ይሁን» ብሎ አንድ ዛጎል ሰጠኝ። ከባሕር ዳርቻ ያነሣው ነው። ለመሸጥ የሚያምር አይደለም። መዳፌን ይሞላል፣ ከመጠኑ በላይ ይከብዳል፣ ከውጭ እንደ ከሰል ጠቁሯል፤ ጥቁሩ ቆዳም ጠርዙ ላይ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ እየተነሣ ይረግፋል። ከውስጥ ግን የቡና ስኒ ይመስል ነጭና ለስላሳ ነው።

ሰባተኛ ክፍል የምትማረው ልጄ ጀርባው ላይ ያሉትን መስመሮች በመርፌ ጫፍ እየነካች ቆጠረችና 63 አገኘች። «አባዬ፣ ከአንተ ይበልጣል» አለችኝ። እኔ 48 ዓመቴ ነው። ለእህቴ ልጅ ደውዬ ብነግረው ሳቀና «እነዚህ እስከ አምስት መቶ ዓመት ይኖራሉ» አለኝ። መቀለዱ ይሁን ማወቁ አልገባኝም። አንድ መስመር አንድ ዓመት ነው? አምስት መቶው እውነት ነው? ልጄ ሰኞ ክፍል ውስጥ ልታወራው ስለሆነ እንዳታፍር ብዬ ነው።


ቀይ ጤፍ · ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 3፡05

ማቱሳላ 969 ዓመት ኖረ፤ ዛጎሉ 500 ከሞላ 469 ብቻ ነው የቀረው። ይበርታ።

ከምር ግን ምኑ ይገርማል? ቀዝቃዛ ባሕር ነው። ሥጋም ማቀዝቀዣ ውስጥ ሲገባ ይቆያል። ሌላ ምስጢር ያለው አይመስለኝም።


መምህር ዘታቦር (ሐዋሳ) · ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 4፡20

ወልደ ሐይቅ፣ የእህትህ ልጅ አልቀለደም። ቀይ ጤፍ፣ ወደ ማቀዝቀዣህ እመለሳለሁ። (ዓመቶቹን በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

የገለጽኸው ጥቁር ቆዳና ክብደቱ የሚመሰክሩት በሳይንሳዊ ስሙ አርክቲካ አይስላንዲካ ስለሚባለው እንስሳ ነው። ቀንድ አውጣ አይደለም፤ ቀንድ አውጣ አንድ ጥምዝ ቤት ነው ያለው። ይህኛው በማጠፊያ የተያያዙ ሁለት ክዳኖች ነበሩት፣ አንተ ዘንድ የደረሰው አንደኛው ክዳን ነው። አማርኛችን ባሕሩን ከራቀ ቆይቷልና ለእንስሳው የራሱ ስም የለንም፤ «ባለ ሁለት ክዳን» እያልን እንቀጥል። በሰሜን አትላንቲክ በሁለቱም ዳር፣ በአሸዋና በጭቃ ውስጥ ተቀብሮ ይኖራል። ዕድሜ ልኩን የሚሠራው አንድ ሥራ ነው። ውሃ ይስባል፣ በውሃው ውስጥ የሚንሳፈፉትን ደቃቅ እጽዋት አጥልሎ ይበላል፣ የቀረውን ይተፋል።

በ2006 ከአይስላንድ በስተሰሜን ካለው የባሕር ወለል ብዙዎቹ ለጥናት ተወሰዱ። የዌልሱ ባንጎር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች አንዱን ቢቆጥሩት 405 ዓመት ገደማ ሆነ። ጋዜጦች በቻይናው ሥርወ መንግሥት ስም «ሚንግ» አሉት። በ2013 እንደገና ሲቆጠር ግን 507 ሆኖ ተገኘ። ባለሙያዎቹ ራሳቸው መጀመሪያ ከመቶ ዓመት በላይ አጉድለውበት ነበር ማለት ነው። ስለዚህ ልጅህ ሰኞ ብትሳሳት ማፈር የለባትም።

507 ከሆነ የተወለደው በ1499 ነው። ያን ጊዜ አፄ ናዖድ ነበሩ የነገሡት። ሽምብራ ኩሬ ላይ ሲዋጉ 30 ዓመቱ ነበር፤ አፄ ፋሲል ጎንደርን ሲቆረቁሩ 137፤ ዓድዋ ላይ 397። ይህን ሁሉ ዘመን አንዲት ቦታ ላይ ተቀብሮ ውሃ ሲያጠልል ኖሮ፣ ርዝመቱ 9 ሴንቲ ሜትር እንኳን አልሞላም።

አሁን ወደ መስመሩ። ዛጎሉ የሚያድገው በጠርዙ ነው። ምግብ በሚገኝበት ወቅት ጠርዙ ላይ ሰፋ ያለ አዲስ ሽፋን ይጨመራል፤ እድገቱ በሚቆምበት ወቅት ቀጭን መስመር ይቀራል። በወጣትነቱ በዓመት በሚሊ ሜትር ይለካል፣ የመጀመሪያዎቹ ሃያ ዓመታት ገደማ ፈጣን ናቸው። ከዚያ በኋላ እየዘገየ ሄዶ ሲያረጅ የዓመቱ ጭማሪ ከአንድ ሚሊ ሜትር አንድ አሥረኛ በታች ይሆናል። ጠርዙን በጥፍርህ ዳብሰው። ጥቁርና ድፍን ሆኖ የሚሰማህ ቦታ ላይ ምናልባት ሃምሳ ዓመት ታጭቆበታል። በመርፌ የሚቆጠር አይደለም።

ደግሞም ከውጭ የሚታይ መስመር ሁሉ የዓመት መስመር አይደለም። ማዕበል ቢያናውጠው፣ ዓሣ ቢነክሰው ያ ሁሉ ጠባሳ ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ 63 ቁጥር እንጂ ዕድሜ አይደለም።


ወልደ ሐይቅ · ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 4፡45

መምህር፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ልጄ ሳትተኛ አነበብሁላት። የጠየቀችው ግን አንድ ነገር ነው፤ «507 ዓመት ከኖረ ለምን ገደሉት?» መልስ አጣሁ።


መምህር ዘታቦር · ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 5፡10

ዕድሜውን አያውቁም ነበር። እንደማንኛውም ናሙና ከሌሎቹ ጋር በመረብ ወጣ፣ መርከቡ ላይ በበረዶ ደረቀ፣ ዛጎሉ የተቆጠረው በኋላ ነው። ሳይከፍቱ ማወቅ አይቻልም። እንዲህም ሆኖ በባሕሩ ውስጥ ከእርሱ የሚበልጥ አይኖርም ማለት ዘበት ነው። ለናሙና የተወሰዱት ጥቂቶች ናቸው፤ ከጥቂቶች መካከል ትልቁን ማግኘት የሐዋሳን ረጅም ሰው በአንድ ሚኒባስ ውስጥ እንደማግኘት ነው።


በርገን ያለችው · እሑድ፣ ከጠዋቱ 3፡30

ወልደ ሐይቅ ወንድሜ፣ ጽሑፍህን ሳነብ ሳቅሁ። እኔ በርገን ከመጣሁ አሥራ አንድ ዓመቴ ነው፤ ያ ዛጎልህ እዚህ ዳርቻው ላይ ተበትኖ ይገኛል። ኖርዌጂያኖች «ኩሼል» ይሉታል፣ የላም ዛጎል ማለት ነው። ለምን ቢሉ፣ በድሮ ጊዜ የገጠር ልጆች ዛጎሉን ላም አድርገው ይጫወቱበት ስለነበር ነው። በጠጠር በረት ይሠሩና ዛጎሎቹን ያስገቡባቸዋል። ይህን ያጫወቱኝ የምሠራበት የአረጋውያን ቤት ውስጥ ያሉ አንዲት እናት ናቸው። እኔም በልጅነታችን ከጥቁር ውሃ ዳር ጭቃ እያመጣን ላምና ጥጃ እንሠራ እንደነበር ነገርኋቸው፤ እጄን ይዘው ሳቁ።

እዚህ ለመብል ብዙም አይፈልጉትም። አሜሪካኖች ግን ከ1970ዎቹ ጀምሮ በመርከብ እያረሱ ያወጡታል፤ የሾርባ ሥጋ ነው የሚሆነው። በሳህኑ ውስጥ የመቶ ዓመት ሽማግሌ እየበላ የማያውቅ ሰው ሞልቷል።


ቀይ ጤፍ · እሑድ፣ ከጠዋቱ 4፡00

ለእኛማ ክንፍና ቅርፊት የሌለው የውሃ እንስሳ አይበላም። የዚህ ቅርፊቱስ አለ፣ ክንፉ ነው የጠፋው።

መምህር፣ ማቀዝቀዣዬ የት ደረሰ?


መምህር ዘታቦር · እሑድ፣ ከቀኑ 7፡15

ከቤተ ክርስቲያን ተመልሼ ነው፤ ይኸው።

ማቀዝቀዣ የሚያቆየው የሞተ ሥጋን ነው። ይህ እንስሳ ግን ይበላል፣ ይተነፍሳል፣ ይወልዳል። ልዩነቱ ቀላል አይደለም። ቅዝቃዜ የሚያደርገው ነገር እንዳለ አልክድም። ደመ ቀዝቃዛ በሆኑ እንስሳት ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ሲጨምር የአካል ሥራ ሁለት ወይም ሦስት እጥፍ ይፈጥናል፣ ሲቀንስም በዚያው ልክ ይዘገያል። በሰሜኑ ባሕር ደግሞ ምግብ የሚገኘው ብርሃን ባለበት ወቅት ብቻ ነው። ስለዚህ እድገቱ አዝጋሚ ነው።

ነገሩ ቅዝቃዜ ብቻ ቢሆን ግን እነዚህን እንዴት ታስረዳልኛለህ?

በዚያው ቀዝቃዛ ባሕር፣ በዚያው ዳርቻ አለት ላይ ተጣብቆ የሚኖረው ጥቁር ሰማያዊው ባለ ሁለት ክዳን ሃያ ዓመት ቢደርስ ብዙ ነው። በአንታርክቲካ፣ ውሃው ዓመቱን ሙሉ በዜሮ ዲግሪ አካባቢ በሚሆንበት፣ ላተርኑላ የሚባል ትልቅ ባለ ሁለት ክዳን አለ፤ ከአይስላንዱ ይልቅ እጅግ በሚቀዘቅዝ ውሃ ውስጥ እየኖረ ዕድሜው 36 ዓመት ገደማ ነው። ከሁሉ የሚገርመው ደግሞ ራሱ አርክቲካ ነው። በአይስላንድ ዙሪያ መቶዎችን የሚሻገረው ይኸው ዝርያ በባልቲክ ባሕር ውስጥ ወደ 40 ዓመት ብቻ ነው የሚኖረው። ባልቲክ ሞቃት ሆኖ አይደለም፤ ጨው የጎደለውና ሁኔታው ቶሎ ቶሎ የሚለዋወጥ ባሕር ነው። ማቀዝቀዣህ ተሰክቶ እያለ ሥጋው ተበላሸ።

በሌላ በኩል ለአንተ የሚያደላ ማስረጃም አለ፤ ፍርድ እንዳላጓድል ልንገርህ። የአውሮፓ ወንዞች ውስጥ ሉል የሚያወጣ ባለ ሁለት ክዳን ይኖራል። በስፔን ወንዞች ያለው በአሥርታት የሚቆጠር ዕድሜ ነው ያለው፤ በሰሜን ስዊድንና በሩሲያ ኮላ ልሳነ ምድር ያለው ግን ከመቶ ዓመት በላይ ይሻገራል። አንድ ዝርያ ነው፣ ወደ ሰሜን በሄድህ ቁጥር ዕድሜው ይረዝማል። ስለዚህ ቅዝቃዜው ይረዳል፣ ግን ለሚያውቅበት ነው የሚረዳው።

አርክቲካ የሚያውቅበት ነገር ምንድን ነው? አንደኛው መዝጋት ነው። ክዳኑን ገጥሞ ወደ ጭቃው ጠለቅ ይላል፣ ልቡንና ሆዱን ወደ ማቆም ይቃረባል፣ ያለ ኦክስጅን ቀናት ያሳልፋል፤ በዚያ ጊዜ የሰውነቱ ሥራ ከተለመደው መቶኛ እጅ ገደማ ነው። ሁለተኛው የሰውነቱ ሴሎች ግድግዳ የተሠራበት ስብ ነው። ዘይት ክፍት ሆኖ ሲከርም አየሩ እንደሚያበላሸው ሁሉ የማንኛውም እንስሳ ሴልም ቀስ በቀስ ይበላሻል፤ እርጅና ከሚባለው አንዱ ክፍል ይህ ነው። ዕድሜያቸው የተለያየ ባለ ሁለት ክዳኖችን ጎን ለጎን ያጠኑ ሰዎች የአርክቲካ የሴል ስብ በኦክስጅን ለመበላሸት የሚያስቸግር ዓይነት ሆኖ አግኝተውታል።


ቀይ ጤፍ · እሑድ፣ ከቀኑ 7፡40

ባልቲኳ ናት የጣለችኝ። ማቀዝቀዣውን ነቅያለሁ።


የምጽዋው · እሑድ፣ ከቀኑ 9፡25

ልጆች፣ ጨዋታችሁ ደስ ብሎኝ ነው የገባሁት። በ1960ዎቹ፣ በእኛ አቆጣጠር፣ ባሕር ኃይል ነበርሁ፤ ምጽዋ። አሁን ጡረታዬን ሐዋሳ ላይ እበላለሁ።

መምህር ቀዝቃዛ ቀዝቃዛ ይላል። እኔ ደግሞ የማውቀው በበጋ ገላህን የሚያቃጥል ውሃ ነው። ከዳህላክ ደሴቶች መካከል ጀልባችንን አቁመን ስንዋኝ ከኮራሉ መካከል አፉን የከፈተ ዛጎል እናይ ነበር። ከንፈሩ ሰማያዊ፣ ነጠብጣብ አረንጓዴ ያለበት፣ የእናቶች የሐር ቀሚስ ጠርዝ የመሰለ። ጥላህ ሲያርፍበት ይሸመቀቃል፣ ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ይከፍታል። አንዱ ባልደረባችን ጣቱን ሊያስገባ ሲል የደሴቱ ዓሣ አጥማጅ በዐረብኛ ጮኸበት፤ ምን እንዳለው ባይገባንም ጣቱን መለሰ። የዚያ አገር ሰዎች ሉል ጠላቂዎች ነበሩ፣ አባቶቻቸውም እንዲሁ።

ጥያቄዬ፦ ያኛው ትልቅ ነው፣ ውሃውም ሙቅ ነው። በመምህር ሕግ በአጭሩ መቀጨት ነበረበት። ቶሎ ይሞታል?


መምህር ዘታቦር · እሑድ፣ ከምሽቱ 1፡10

ጋሼ፣ ከንፈሩን ያዩበት ዓይን ይባረክ። ያዩት ትሪዳክና የሚባለው ወገን ነው። በከንፈሩ ውስጥ ደቃቅ አልጌዎች ያርሳል፤ ክዳኑን የሚከፍተው ለእነርሱ ፀሐይ ሊያሞቅ ነው፣ እነርሱም ስኳር ሠርተው ይመግቡታል። ስለዚህ ምግብ አያጥረውም፣ በፍጥነትም ያድጋል። የዚህ ወገን ትልቁ፣ በሕንድና በፓሲፊክ ውቅያኖሶች ያለው፣ ከአንድ ሜትር ይበልጣል፣ ከ200 ኪሎም በላይ ይመዝናል። ዕድሜውም በአሥርታት ይቆጠራል። ቶሎ አይሞትም።

ሕጌን ግን አላፈረሱብኝም፣ አስተካከሉልኝ እንጂ። በሞቃት ውሃ የሚኖሩ አብዛኞቹ ባለ ሁለት ክዳኖች ቶሎ አድገው ቶሎ ይሄዳሉ፤ ዳርቻ አሸዋ ላይ ማዕበሉ የሚያንከባልላቸው ትንንሾቹ ዓመት ከሁለት ዓመት ነው ዕድሜያቸው። ትሪዳክና ባለጸጋ ዘመድ ነው።


አምባዛ ወዳጅ (አሞራ ገደል) · እሑድ፣ ከምሽቱ 2፡30

መምህርን በአክብሮት ልቃወም ነው። «አንድ መስመር አንድ ዓመት» የሚለው ለእኛ አገር አይሠራም።

እኔ ዓሣ አጥማጅ ነኝ። ተማሪ በነበርሁበት ጊዜ ከዩኒቨርሲቲ ለሚመጡ አጥኚዎች የቆሮሶ ጭንቅላት እየሰበሰብሁ እሰጥ ነበር። ዓሣው ጭንቅላት ውስጥ፣ ከአንጎሉ ሥር፣ ከምስር ፍሬ የማትበልጥ ነጭ ድንጋይ አለች፤ የጆሮ ድንጋይ ይሏታል። እርሷም እንደ ዛጎሉ መስመር ትሠራለች። ታዲያ በ2000 በአውሮፓውያን አቆጣጠር የታተመ የሐዋሳ ሐይቅ ጥናት ያሳየው ቆሮሶ በዓመት ሁለት መስመር እንደሚሠራ ነው። ሁለት! ዓሣው የሚራባባቸው ወቅቶችም ሁለት ናቸው። አንድ መስመር አንድ ዓመት ብለህ ብትቆጥር የሦስት ዓመቱን ዓሣ ስድስት ትለዋለህ፤ ዓሣው ቀስ ብሎ ያድጋል ትላለህ፤ ከዚያ ስንት ይጠመድ የሚለው ስሌት በሙሉ ይበላሻል።

የእኛ ሐይቅ ክረምትም ሆነ በጋ ውሃው ከ20 ዲግሪ ብዙም አይርቅም። እነዚያ አገር በረዶ አለ፣ ጨለማ አለ፣ መስመሩ ቁልጭ ብሎ ይታያል። የዛጎሉ መስመር የዓመት ስለመሆኑስ ማን አረጋገጠ?


መምህር ዘታቦር · እሑድ፣ ከምሽቱ 4፡00

ይህን ተቃውሞ እወደዋለሁ። እስካሁን ከተነሡት ጥያቄዎች ሁሉ የሚበልጠው የአንተ ነው።

ሁለት ማረጋገጫ አለ። በ1950ዎቹና በ60ዎቹ ኃያላን መንግሥታት የኒውክሌር ቦምብ በአየር ላይ ሲሞክሩ በከባቢ አየሩ የሬዲዮ ካርቦን (ጨረር የሚያወጣ የካርቦን ዓይነት) መጠን በድንገት አሻቀበ፣ ወደ ባሕርም ገባ። ዛጎሉ ከውሃው ካርቦን ይወስዳልና ያ ማሻቀብ በዛጎሉ ውስጥ ታትሞ ቀርቷል። በሕይወት እያለ ከባሕር የወጣን ዛጎል ይዘህ ከጠርዙ ወደ ኋላ እየቆጠርህ ስትሄድ ማሻቀቡ በሚጠበቅበት ዓመት ላይ ከተገኘ፣ መስመሩ የዓመት ነው። ተገኝቷል።

ሁለተኛው ማመሳከር ነው። በአንድ ሰፈር የሚኖሩ ዛጎሎች ጥጋቡም ረሃቡም አንድ ነው፤ ጥሩ ዓመት ለሁሉም ሰፊ ይሆናል፣ ክፉው ዓመት ለሁሉም ይጠብባል። የሰፊና የጠባቡን ተራ ጎን ለጎን ስታስቀምጥ እንደ ቁልፍና ጓጉንቸር ይገጥማል። አንዱ ላይ የተዘለለ ዓመት ቢኖር ሌላው ያጋልጠዋል። ሚንግ ከ405 ወደ 507 የተስተካከለውም እንዲሁ ነው፤ መጀመሪያ የተቆጠረው መስመሮቹ በተጨናነቁበት በማጠፊያው በኩል ነበር፣ በኋላ ሰፋ ብለው በሚታዩበት በዛጎሉ ጠርዝ በኩል ተቆጥሮ ከሌሎች ጋር ተመሳከረ።

ማመሳከሩ ሌላም ነገር ያስገኛል። ባዶ ዛጎል ስንት ዓመት እንደኖረ እንጂ መቼ እንደሞተ አይነግርህም፤ ወልደ ሐይቅ፣ የአንተውም ላም የሞተችው አምና ይሁን በአፄ ምኒልክ ዘመን አናውቅም። ነገር ግን የሙቱ እርጅና ከሕያው ልጅነት ጋር ከተደራረበ ሁለቱ ይቀጠላሉ። ከአይስላንድ ሰሜን እንዲህ እየቀጠሉ ከ649 እስከ 2005 ድረስ፣ 1,357 ዓመት፣ አንድም ዓመት ሳይዘለል ሠርተዋል። የባሕሩን ሙቀት ማንም ባልለካበት ዘመን ዛጎሉ መዝግቦ አቆየ።


በርገን ያለችው · እሑድ፣ ከምሽቱ 4፡30

የእኛ ሐይቆች ውስጥስ ባለ ሁለት ክዳን አለ? ልጅ ሆኜ ያየሁ አይመስለኝም።


መምህር ዘታቦር · እሑድ፣ ከምሽቱ 4፡50

እህቴ፣ በአገራችን ጣና ውስጥ አሉ። ወደ እኛ ስትቀርቢ ደግሞ በቡልቡላ ወንዝ የተቆረጠው ገደል ላይ ያረጁ ነጫጭ ዛጎሎች በደለሉ ውስጥ ይታያሉ። ዝዋይ፣ ላንጋኖ፣ አብያታና ሻላ ገጥመው አንድ ሰፊ ሐይቅ ከነበሩበት ዘመን የተረፉ ናቸው፤ የሐይቁ ዕድሜም የተለካው በእነዚያ ዛጎሎች ካርቦን ነው። ክፍሌን ለጉብኝት ወስጄ አንድ ተማሪ «ማን በልቶ ጣለው?» ብሎኛል።


ወልደ ሐይቅ · ሰኞ፣ ከምሽቱ 1፡30

ልጄ ዛሬ ክፍል ውስጥ አወራች፤ አፄ ናዖድ ላይ ስትደርስ የታሪክ መምህሩ ገብተው አዳመጡ አለችኝ። አሁን ልትቆርጠው ትፈልጋለች። መምህር፣ እንዴት ነው የሚቆረጠው? ጎረቤቴ እብነ በረድ ቤት አለው፣ መቁረጫም አለው።


መምህር ዘታቦር · ሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡15

በደረቁ እንዳትቆርጡት፤ ብናኙ ለሳንባ ክፉ ነው። ውሃ እያፈሰሳችሁ፣ አፍና አፍንጫችሁን ሸፍናችሁ። ከዚያ በፊት ግን ዛጎሉን በባለ ሁለት ቱቦው ሙጫ ቀብታችሁ አሳድሩት፣ ካልሆነ ጠርዙ ይሰባበራል፤ የምንፈልገው ደግሞ ጠርዙን ነው። አቆራረጡ ከማጠፊያው ጫፍ ተነሥቶ እስከ ሩቁ ጠርዝ በቀጥታ ነው። ከዚያ የተቆረጠውን ፊት በብርጭቆ ወረቀት፣ ከሸካራው ወደ ለስላሳው፣ በውሃ እየፈተጋችሁ እንደ መስታወት አድርጉት። በመጨረሻ ለጥቂት ደቂቃ አቸቶ ውስጥ ንከሩት። አቸቶው ዛጎሉን በትንሹ ሲበላው መስመሮቹ ከፍና ዝቅ ብለው ይወጣሉ። ቤተ ሙከራ ውስጥ የሚሠራበት አሲድ ሌላ ነው፣ ለእናንተ ግን አቸቶው ይበቃል። እኔ ዘንድ አምጡት፤ የትምህርት ቤታችን ማይክሮስኮፕ አንድ ዓይኑ ቢሰበርም ሌላው ያያል።


ወልደ ሐይቅ · ሐሙስ፣ ከምሽቱ 3፡50

ሠራነው። ጎረቤቴ እብነ በረድ እንጂ ዛጎል ቆርጦ ስለማያውቅ እጁ እየተንቀጠቀጠ ነበር፤ አንድ ጥግ ላይ ትንሽ ተሸረፈ። ሽታው ጥርስ ሐኪም ቤት ይመስላል። ልጄ ሁለት ማታ ሙሉ ስትፈትግ አመሸች፣ ጣቷ ነጭ ሆነ። አቸቶው ውስጥ ሲገባ ደቃቅ አረፋ ተነሣ፤ አውጥተን አጥበን ፀሐይ ላይ ስናዘነብለው በዓይናችን አየነው። ከማጠፊያው አጠገብ ሰፋፊ ንጣፎች፣ እንደ ጥሩ እንጀራ የተደራረቡ፤ ወደ ጠርዙ እየቀጠኑ፣ እየቀጠኑ፣ በመጨረሻ አንድ ግራጫ ጭረት ብቻ።

መምህር ዘንድ በማይክሮስኮፑ ሦስት ሰው ቆጠረ። እኔ 91 አገኘሁ። መምህር 104። ልጄ 97። የመጨረሻው ግማሽ ሚሊ ሜትር ላይ ማናችንም አልተስማማንም፤ መምህር አንዴ ዓይናቸውን አንሥተው ሲመለሱ የት እንደደረሱ ጠፋባቸው። የተሸረፈው ጥግም ስንት ዓመት ይዞ እንደሄደ እንጃ።


ቀይ ጤፍ · ሐሙስ፣ ከምሽቱ 4፡05

ከ91 እስከ 104። ለሦስት ሰው በአንድ ዓይን ማይክሮስኮፕ፣ ከ405ና ከ507 ይሻላል።


የምጽዋው · ሐሙስ፣ ከምሽቱ 4፡20

ትንሹ ቁጥር እንኳን ከእኔ ይበልጣል። ተሻግሬ ልሳለመው ይገባኛል፤ ሱቅህ ከወደየት ነው?


ወልደ ሐይቅ · ሐሙስ፣ ከምሽቱ 4፡40

ጋሼ፣ ከመናፈሻው በር በስተግራ ሦስተኛዋ ናት፤ ቡና አለ። ዛጎሉ መደርደሪያው ላይ ነው፣ አይሸጥም።

አምባዛ ወዳጅ ግን የሠራኸውን ሥራ እይ። ልጄ ዛሬ ከትምህርት ቤት በቀጥታ አሞራ ገደል ወርዳ የአምስት ቆሮሶ ጭንቅላት በፌስታል ይዛ መጥታለች፤ ዓሣ ከሚበልቱት ልጆች በነጻ ነው የተቀበለችው። አሁን ማቀዝቀዣው ውስጥ ከእናቷ ቅቤ አጠገብ ናቸው። እናቷ እስከ ነገ ጠዋት ቀን ሰጥታናለች። ድንጋይዋ ከየትኛው አጥንት ሥር ናት ያልኸው?


አምባዛ ወዳጅ · ሐሙስ፣ ከምሽቱ 4፡55

ጭንቅላቱን ገልብጣችሁ፣ ስንጥቡን ክፈቱና የአፉ ላንቃ ካበቃበት በላይ ያለውን ስስ አጥንት በቢላዋ ጫፍ ቀስ ብላችሁ አንሡት። ትልቋ በግራና በቀኝ አንድ አንድ ናት፤ እርሷን ነው የምትፈልጉት። በጣት እንዳትይዟት ትሰበራለች፣ በቅንድብ መንቀያ ይሁን። ነገ 12 ሰዓት ላይ ጀልባ ከመግባቴ በፊት ሱቅህ በር ላይ እደርሳለሁ፤ አንዷን እኔ አሳያታለሁ።